ባክቴሪያው እስኪገኝ ያለ መድኃኒት የቆየሁባቸው ቀናት

ይህን የምጽፈው ትኩሳት ለሚመላለስበት ሰው ነው። ክኒን ሲውጥ ለሚሻለው፣ ክኒኑ ሲያልቅ ለሚብስበት፣ "ያው የተለመደው ታይፎይድ ነው" እያለ ራሱን ለሚያጽናና ሰው። እኔም ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እንደዚያ ስል ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ መቻሌን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ስሜ ጥላሁን ነው፤ የምኖረው ዳንግላ ነው። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ከገጠር የሚመጣ ምስክር በአውኛ የሚለውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው የሚጠይቁትን ለምስክሩ በአውኛ እላለሁ። አውኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። እሷ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወጣ ባለች መንደር ትኖራለች፤ አማርኛ አትችልም። ባለቤቴ የሺ ደግሞ የከተማ ልጅ ናት፤ አውኛ አትሰማም። ስለዚህ ሥራ ቦታም ቤትም ሳስተረጉም ነው የምውለው። አርፎ መቀመጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። የሺ "ወንበሩ ይፋጅሃል እንዴ?" ትለኛለች።

ሕመሙ የጀመረኝ ባጃጅ በከተማችን ገና መታየት በጀመረበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ድካም ነበር። ከቤቴ እስከ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ እሱ ሜዳ ዳገት ሆነብኝ። ሁለቴ ቆሜ ትንፋሼን ካልሰበሰብኩ አልደርስም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሜ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ሲመሽ ሰውነቴ ይግላል፤ ጠዋት ስነሳ አንሶላው ከውኃ የወጣ ይመስላል። ምግብ አስጠላኝ። ሱሪዬ አልያዝ ሲለኝ ቀበቶዬን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁት።

ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። "ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ" ተባልኩና ሲፕሮ የሚባለውን ክኒን ይዤ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ድኛለሁ ብዬ ቀሪውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ "ቆላ ወርደህ ነበር?" ብለው የወባ ምርመራ አደረጉልኝ። ወባ የለብኝም፤ ለማንኛውም ተብሎ ግን ለአምስት ቀን መርፌ ተወጋሁ። አሁንም ተሻለኝ፤ አሁንም ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ጊዜ ክሊኒክ መሄዱንም ትቼ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገባሁ። "ያን ሲፕሮ ስጠኝ" አልኩት፤ ሰጠኝ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ገብቼ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሰው እየከሳ ሲሄድ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ ይታወቃል። የሺ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ለብሳ እጄን ያዘችና ለኤች አይ ቪ ምርመራ ወሰደችኝ። ሁለታችንም ነጻ ነን ተባልን። ከበሩ እንደወጣን አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋን ጠርጋ ተቆጣችኝ።

"ታዲያ ምንድን ነው? አንድ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ታይፎይድ ይይዘዋል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"አታውቅም፤ ግን ዝም ብለህ ትውጣለህ!"

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለ ትኩሳት ማውራት ቀረ። እሷ ግንባሬን ስትዳስስ ፊቴን አዞራለሁ፤ ደህና ነኝ እላለሁ። ልጃችን ሰላም ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እኛ ዝም ስንል እሷም ዝም ማለት ለመደች።

አንድ ቀን የመሬት ክርክር ነበር። አንድ አዛውንት ምስክር ቆመው ስለ ድንበር ይናገራሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። በመካከል ብርዱ ከእግሬ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ቃሉ አፌ ላይ አለ፤ መንጋጋዬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አቶ ጥላሁን፣ ምስክሩ ምን አሉ?"

ልመልስ ስል እግሬ ከዳኝ፤ የምስክሩን ሳጥን ተደግፌ ወረድኩ። ደግፈው ያነሱኝ ያው ሲመሰክሩ የነበሩት አዛውንት ናቸው። "ይህ ልጅ የሚያስታምመው የለውም?" እያሉ በአውኛ ይጮኻሉ፤ የሚያስተረጉምላቸው ግን አልነበረም።

የሥራ ባልደረቦቼ በጋሪ ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የተቀበሉኝ ጤና መኮንን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ነገራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ናቸው። "ሸሚዝህን አውልቅ" አሉኝ። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ግራ ጎኔ አስተኝተው እንደገና አዳመጡ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፦ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደሜን እንጂ ደረቴን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም እዩልኝ ብዬ አላውቅም። ከዚያ እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት።

"እንጨት ስትፈልጥ ስንጥር ወግቶህ ነበር?"

ጥፍሮቼ ሥር ቀጫጭን ጠቋቁር መስመሮች ነበሩ። እኔ ቆሻሻ መስለውኝ ሳጥባቸው ነበር የከረምኩት።

"የልብህ ድምፅ ንጹሕ አይደለም፤ ይህም ቆሻሻ ሳይሆን ደም ነው" አሉኝ። "እዚህ አንድም ክኒን አልሰጥህም። ይህን ወረቀት ይዘህ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ትሄዳለህ። የምትውጠው መድኃኒት ካለ ደግሞ አንዱንም ሳትጥል ይዘህ ሂድ፤ ታሳያቸዋለህ።"

በማግስቱ ሰላምን ለየሺ እህት ሰጥተን በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሆስፒታሉ ውስጥ መጀመሪያ ካርድ ክፍል፣ ከዚያ ተመላላሽ፣ ከዚያ ደግሞ ኢኮ ክፍል በር ላይ ጠበቅን። ኢኮ ማለት የልብ አልትራሳውንድ ነው። አግዳሚው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እየተነሳሁ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ እሄዳለሁ፤ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግድግዳ ይዤ እመለሳለሁ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ሴትዮ "ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ፣ እኛንም አደከምከን" አሉኝ። የሺ ይቅርታ ጠየቀችልኝ።

ኢኮውን የሠራችልኝ ዶክተር ሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አድርጋ መሣሪያውን እያንሸራተተች ብዙ ቆየች። ከዚያ ማሳያውን ወደ እኔ አዞረችው።

"ይህ የልብህ ቫልቭ ነው። እንደ በር ነው፤ ደም ወደፊት እንዲያልፍ ይከፈታል፣ ወደኋላ እንዳይመለስ ይዘጋል። ያንተ ቫልቭ ድሮ የተጎዳ ነው፤ ወፍሯል፣ በደንብም አይዘጋም። አሁን ደግሞ ይቺን ታያለህ?"

በሩ ጫፍ ላይ እንደ እራፊ ጨርቅ የምትወዛወዝ ነገር ነበረች።

"ይቺ አብራህ የተፈጠረች አይደለችም። ባክቴሪያ በደምህ ገብቶ እዚህ ላይ ተጣብቋል፤ ጎጆ ሠርቷል በለው። የሚያተኩስህ እሱ ነው።"

"የምን ባክቴሪያ ነው?"

"እሱን ነው ማወቅ ያለብን። እዚህ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚገድለው መድኃኒት ሌላውን አይነካውም። ሕክምናው በደም ሥር ነው የሚሰጠው፤ ሳምንታት ይፈጃል። በግምት ጀምረን ግምታችን ከተሳሳተ ቫልቩን ይበላዋል። ቁራጩም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።"

የሺ የክኒኖቹን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ዶክተሯ አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው።

"መጨረሻ የወሰድከው መቼ ነው?"

"ትናንት ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ሳልገባ።"

ክኒኖቹን ወደ ፌስታሉ መለሰች። "ይኸውልህ፣ ክኒኑ ባክቴሪያውን አዳክሞታል እንጂ አልገደለውም። ደምህን ቀድተን፣ ባክቴሪያ የሚመገበው ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አድርገን፣ እንዲበቅል መጠበቅ ነው ሥራችን። የደም ካልቸር ይባላል። ዛሬ ብንቀዳ ግን ክኒኑ ስላለበት ላይበቅል ይችላል፤ ካልበቀለ ደግሞ ማንነቱን አናውቅም። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ሁሉንም መድኃኒት እናቆማለን።"

የሺ ከወንበሯ ተነሳች። "ታሞ ነው ያመጣሁት! እንዴት መድኃኒት አቁም ይባላል?"

"ገብቶኛል እህቴ። እዚሁ ተኝቶ፣ እኛ እያየነው ነው የሚጠብቀው። አሁን ልቡ ሥራውን እየሠራ ነው። ትንሽ ነገር ከተለወጠ አንድ ሰዓት ሳልጠብቅ እጀምርለታለሁ። አደጋ የለውም ግን አልልሽም።"

ወንዶች ዋርድ ገባሁ። በዚያው ከሰዓት ዶክተሯ መጥታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"ልጅ ሆነህ ጉልበትህ አብጦ፣ መገጣጠሚያህን እያመመህ ተኝተህ ታውቃለህ?"

"ትዝ አይለኝም።"

"እናትህ አሉ? ጠይቃቸው።"

መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ የለም። መልእክት በሰው ልኬበት ወንድሜ እናቴን ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ካወጣት በኋላ ደወለልኝ። ዶክተሯ እንድትሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት። ጥያቄውን በአውኛ ጠየቅኳት።

"ዘጠኝ ዓመትህ ነበር" አለች። "መጀመሪያ ጉሮሮዬን አለህ። ከዚያ ጉልበትህ አበጠ፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚትህ። በጎረቤት ፈረስ ጭኜ ቆሰበር ክሊኒክ ወሰድኩህ። ድሬሰሩ መርፌ ወጋህና 'እስኪያድግ ድረስ በየወሩ አምጪው' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ጥቂት ወር አመላለስኩህ። ከዚያ አባትህ ሞተ፤ ክረምቱም ገባ፤ ወንዙ ሞላ። አንተ ደግሞ ትሮጣለህ፣ ትዘላለህ። የዳነ ልጅ ለምን ይወጋል አልኩ። የተውኩት እኔ ነኝ ልጄ።"

እያንዳንዷን ቃል ወደ አማርኛ መለስኩ። የራሴ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ እንደማስተረጉም ነበር የማወራው። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች።

"እሱ ነው። የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር አንዳንድ ልጅ ላይ መገጣጠሚያንና ልብን ይጎዳል። መርፌው ባይቋረጥ ኖሮ ቫልቩ እንዲህ ላይጎዳ ይችል ነበር።"

እናቴ በስልኩ የሴት ድምፅ ሰማች። "ምን አለች?"

በሥራዬ የማንንም ቃል ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም። የነፍስ ግድያ ጉዳይ ላይ እንኳ የተባለውን እንደተባለ ነው የምለው። ያን ቀን ግን "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ አለች" አልኳት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሺ ገብታ እጄን ያዘች። "እናትህ ምን አለችህ? ለምንድን ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?"

ለእሷም በቅጡ አልነገርኳት።

መጠበቁ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በሁለተኛው ትኩሳቱ ከቀድሞው ብሶ መጣ። አልጋው በእኔ መንቀጥቀጥ ይንኳኳል። ሙቀት የሚለኩት ነርሶች መዝግበው ዝም ብለው ይሄዳሉ፤ ሌላው ታማሚ ሁሉ ጉሉኮስ ተሰቅሎለታል፣ መርፌ ይሰጠዋል፣ የእኔ ብረት ባዶውን ቆሟል። ተኝቼ መቆየት ስላልቻልኩ እነሳለሁ፤ ስነሳ ያዞረኛል። በመስኮቱ አያለሁ፣ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ባክቴሪያው ሲበላኝ የምሰማው ይመስለኛል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አሁን ቁራጯ ተነቀለች፣ አሁን ወደ አንጎሌ ሄደች እያልኩ እጠብቃለሁ። የሰላምን ስም፣ የዳኛውን ስም፣ የቀናቱን ስም በሁለቱም ቋንቋ በሆዴ እላለሁ፤ አንጎሌ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የሺ ከውጭ ገባች። ዙሪያዋን አየችና ከጉያዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። አሞክሳሲሊን ነው።

"ዋጠው" አለችኝ በሹክሹክታ። "እነሱ ይፈትኑብሃል፤ አንተ ደግሞ እያለቅህ ነው። ሰላምን ምን ልበላት?"

"የሺ፣ ዶክተሯ..."

"አንተ የዶክተሯ ባል አይደለህም!"

ልቆጣት አልቻልኩም። ያን ያህል ቀን ወለል ላይ ፌስታል አንጥፋ ነበር የምታድረው። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ መዋጥ ፈልጌ ነበር። ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ወዲያው ተረጋጋሁ፤ መድኃኒቱ ገና ሆዴ ሳይደርስ።

በማግስቱ ጠዋት የላብራቶሪ ባለሙያዋ መጣች። ማስተዋል ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት። ትሪዋ ላይ ትናንሽ ጠርሙሶች ደርድራለች፤ ውስጣቸው ሻይ የመሰለ ፈሳሽ አለ። ክንዴን አሰረች። በአልኮል፣ ከዚያ በአዮዲን ጠረገችው።

"ቆዳህ ላይ ያለው ሌላ ባክቴሪያ ገብቶ እንዳያሳስተን ነው እንዲህ የምጠርግህ" አለችኝ። "ጠርሙሱ እንደልብ አይገኝም። የዛሬውን ካበላሸነው ሌላ መፈለግ ሊኖርብን ነው።"

መርፌውን ስታነሳ "ቆይ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ትናንት ክኒን ውጫለሁ።"

ከአልጋው ማዶ የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማስተዋል የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ክንዴን ፈታች፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ትሪዋ መለሰች።

"እንኳን ተናገርክ" አለች። "ብቀዳው ኖሮ 'ምንም አልበቀለም' ብዬ እጽፍ ነበር። ዶክተሯም የሌለ ነገር ስትፈልግ ትከርም ነበር።" ከዚያ ወደ የሺ ዞረች። "እህቴ፣ እኔም ባል አለኝ። አንቺን ብሆን እኔም አደርገው ነበር። አሁን ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ጠባቂ ሁኑ።"

ዶክተር ሕይወት ስትሰማ መጥታ ልቤን አዳመጠች፣ ዓይኔን በመብራት አየች፣ ማበጡን ለማየት እግሬን ተጫነች። "ሦስት ቀን ጨመርክብን። ልብህ እሺ እስካለን ድረስ እንጠብቃለን" ብላ ሄደች። ያን ሦስት ቀን የሺ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ እንደ ዘብ ጠበቀችኝ። ውኃ ስጠጣ እንኳ እጄን ገልጣ ታያለች። ሁለታችንም አንድ ጊዜ በዚህ ነገር ሳቅን፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ አብረን የሳቅንበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ከዚያ ደሙ ተቀዳ። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ከተለያየ ቦታ። "ከአንዱ ብቻ ከበቀለ ከቆዳ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም አንድ ዓይነት ከበቀለ ግን ሌባው ተያዘ ማለት ነው" አለችኝ ማስተዋል። የመጨረሻው እንደተቀዳም ዶክተሯ ውጤቱን ሳትጠብቅ በደም ሥሬ መድኃኒት ጀመረችልኝ። "ለጊዜው በግምት ነው፤ ስሙን ስናውቅ እናስተካክለዋለን" አለች።

ጠርሙሶቹ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ገቡ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ መቀመጥ አቃተኝ። ጉሉኮስ የተሰቀለበትን ብረት እየገፋሁ በቀን ሁለት ጊዜ ላብራቶሪው መስኮት ድረስ እሄዳለሁ።

"ሂድና ተኛ!" ትለኛለች ማስተዋል ከውስጥ። "ስላየኸው አይበቅልም።"

በሁለተኛው ቀን ምንም የለም። በሦስተኛው ጠዋት ሳልሄድ ቀረሁ፤ ፈርቼ ነው። እሷ ራሷ ዋርዱ ድረስ መጣች። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

"ሦስቱም ደፍርሰዋል" አለች። "በማይክሮስኮፕ አየሁት። እንደ ዶቃ በክር የተሰካካ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፤ የሰው አፍ ውስጥ የሚኖረው ዓይነት ይመስላል፤ ነገ አረጋግጣለሁ።"

በማግስቱ ተረጋገጠ። ማስተዋል በላብራቶሪው መስኮት በኩል ክዳን ያለው ክብ ሳህን አንስታ አሳየችኝ። ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው እንደ ስስ ጤዛ በቅሏል፤ በመካከሉ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ጤዛው ጠፍቶ ንጹሕ ቀለበት ሠርቷል። በጣቷ ሰፊውን ቀለበት አመለከተችኝ። ፔኒሲሊን ነው።

ዶክተሯ "በቅርብ ጥርስ ተነቅለሃል?" ብላ ጠየቀችኝ። ክረምቱ መካከል የበሰበሰ መንጋጋዬን አስነቅዬ ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀኝ፣ እኔም ከትኩሳቱ ጋር ስላላገናኘሁት ለማንም አልተናገርኩም። ጤነኛ ልብ ቢሆን ባክቴሪያው በደም ውስጥ አልፎ ይጠፋ ነበር አለችኝ። የእኔ ቫልቭ ድሮ ስለተጎዳ መጣበቂያ ቦታ አገኘ።

ፔኒሲሊኑ በየአራት ሰዓቱ ነበር። የደም ሥሬ እየጠፋ፣ መድኃኒቱ የሚገባበት ካኑላ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ክንዴ ሁሉ ጠቆረ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርዱን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ሲመሽም አልመጣም። ለየሺ ልነግራት ፈራሁ፤ ብናገረው የሚመለስ መሰለኝ። እሷ ግን ግንባሬን ዳሰሰችና እጇን እዚያው ተወችው።

ሳምንታቱ ረጅም ነበሩ። የሺ ሰላምን ለማየት ዳንግላ ስትሄድ፣ የአጠገቤ ታማሚ ሚስት ሳልጠይቃት ልብሴን አጥባ ታሰጣልኝ ነበር። ስሟን እንኳ በቅጡ ሳልይዝ ተለያየን፤ ከልቤ አልወጣችም።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ከወንድሜ ጋር መጣች። እንዲህ ያለ ትልቅ ከተማ አይታ አታውቅም። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ የጠቆረ ክንዴን ደባበሰችው።

"ያን ቀን በስልክ፣ ያቺ ሐኪም ያለችውን አልነገርከኝም" አለችኝ።

"ነገርኩሽ እኮ።"

"አመሰግናለሁ ለማለት ያን ያህል አይወራም።"

መሸሽ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። መርፌው ባይቋረጥ ኖሮ ልቤ እንዲህ ላይጎዳ ይችል እንደነበር እንደተባለው ነገርኳት። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። ወንድሜ ተነስቶ ወጣ።

ዶክተር ሕይወት ስትዞር መጥታ እናቴን አየችና ነገሩ ገባት። ከፊቷ ቁጢጥ አለች። "አስተርጉምልኝ" አለችኝ፤ "ምንም ሳታስቀር።"

"እናቴ፣ ልጅዎን በፈረስ ጭነው ያን ሁሉ መንገድ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ብዙ ልጆች የመጀመሪያውንም መርፌ ሳያገኙ ቀርተዋል። መርፌው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቢቀር ምን እንደሚመጣ ያስረዳዎት ሰው አልነበረም። ያን ማስረዳት የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነበር። አሁንም የጉልበቱን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ ገና ስንፈልግ እንቆይ ነበር።"

ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። "ያን ማስረዳት የእኛ ሥራ ነበር" የሚለው ላይ ድምፄ ተሰበረ፤ ቆም ብዬ ደገምኩት። እናቴ የዶክተሯን እጅ ይዛ ሳመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አሁን የምሰጥህን ብላ" አለችኝ።

መድኃኒቱን ስጨርስ ደሜ እንደገና ተቀድቶ ታየ፤ ንጹሕ ነበር። ቫልቩ ግን እንደተጎዳ ነው። ወደፊት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገኝ ይችላል ተብያለሁ፤ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ። በልጅነቴ የተቋረጠውን መርፌ አሁን በየወሩ እወጋለሁ። ጥርሴን ከማስነካቴ በፊት የልብ ሕመምተኛ መሆኔን እናገራለሁ፤ ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጡኛል። ሥራዬ ላይ ነኝ። ዳገት ስወጣ አሁንም እቆማለሁ።

ለሚያነብልኝ የምለው ይኸው ነው። ትኩሳት ከተመላለሰባችሁ "ደረቴን አዳምጡኝ" በሉ። ምን ምን እንደዋጣችሁ አትደብቁ፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ሂዱ። የትኩሳቱ ምክንያት ሳይታወቅ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን አሻራ ታጠፉበታላችሁ። ሐኪም ያዘዘውን ደግሞ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ብጠየቅ አውቀው ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ልትጠይቀን ዳንግላ መጥታ ሰንብታ ነበር። ሰላም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወረወረችና "ጉሮሮዬን" አለች። የሺ ሞቅ ያለ ነገር ልታጠጣት ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ጫማዬን እፈልጋለሁ። ቀና ስል እናቴ የልጅቷን እጅ ይዛ በሩን ወጥታለች። ሮጬ ደረስኩባቸው። ጤና ጣቢያ ገባን፤ ነርሷ የሰላምን ጉሮሮ በመብራት አየች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ቶንሲል ነው ብላ ለአሥር ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ጻፈች። ጨርሰናል ብዬ ልነሳ ስል እናቴ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ጠይቃት" አለችኝ። "በሦስተኛው ቀን ድና ብትሮጥስ?"

ጠየቅኳት። ነርሷ ከምትጽፈው ላይ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

"ብትሮጥም አሥሩን ቀን ትጨርስ በላቸው።"

አስተረጎምኩላት። እናቴ አሥር ጣቶቿን ለሰላም ዘርግታ አሳየቻት፤ ሰላም ደግሞ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች፣ አያቷ ራሷን እየነቀነቀችላት፣ እስከ አሥር ቆጠረች።